ንግሥት ያልታጠበችበት ገንዳ

ንግሥቲቱን የወለድኳት እኔ ነኝ። ምጡም ከሁለት ደቂቃ አላለፈም።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ያኔ የውጭ አገር እንግዶችን በአንድ ትልቅ ካሚዮን ጭኖ አራት አገር በየብስ የሚያዞር ድርጅት ውስጥ አስጎብኚ ነበርኩ። ጉዞው አሥራ ስምንት ቀን ይፈጃል። እኛ ሠራተኞቹ አገሮቹን በስማቸው ጠርተናቸው አናውቅም፤ «ጫካው»፣ «ሐይቁ»፣ «ድንጋዩ»፣ «ባሕሩ» ነው የምንላቸው። ያን ቀን ድንጋዩ ላይ ነበርን። በአሮጌው ከተማ፣ የድሮ ነጋዴዎች ቤት ከነበረ አንድ ሕንፃ ጀርባ፣ ሃያ እንግዶቼን ይዤ ግቢው መሐል ቆሜያለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ጫካ ለጫካ በእግር ስንዞር ከርመን ጫማዬ ተረከዜን ልጦታል። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቀመጥ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ በዱላው መሬቱን እያመለከተ «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መሬቱ ላይ በሰልፍ የተቆፈሩ ሰባት የድንጋይ ገንዳዎች አሉ። ምን እንደሆኑ አላውቅም። በእኛ ሥራ ደግሞ አስጎብኚ «አላውቅም» ካለ ሹፌር «አይታየኝም» እንዳለ ነው የሚቆጠረው።

«የንግሥት መታጠቢያ ነው» አልኩት።

«የየትኛዋ ንግሥት?»

«ንጉሡ በቅናት ስሟን ከየድንጋዩ ላይ አስፍቆታል። ለሳምንቱ ለያንዳንዱ ቀን አንዳንድ ገንዳ ነበራት።»

«እሑድስ?»

«እሑድ በወተት ነበር የምትታጠበው።» ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው እንዲህ ያልኩት።

ሰው ሁሉ ፎቶ አነሳ። እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ። ዘወር ስል ምግብ አብሳያችን ባዶ ጀሪካን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።  ምሳ ላይ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ «የኔ እናት ንግሥት እንደነበረች ዛሬ ገና መስማቴ ነው» አለች።

እዚያ ሰፈር ነው የተወለደችው። ገንዳዎቹ የቀለም ገንዳዎች ነበሩ። እናቷና ሌሎች አሥር ሴቶች ቅጠል ዘፍዝፈው፣ አመድ ጨምረው፣ ጨርቅ ሰማያዊ ቀለም የሚነክሩባቸው። እሷ በልጅነቷ አመዱን ታመላልስ ነበር። በኋላ የፋብሪካ ጨርቅ መጣና ሥራው ሞተ፤ ሴቶቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

«እናቴ ስትሞት እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነበር» አለችኝ። «በሳሙና አጠብናት። አልለቀቀም።»

አፈርኩ፤ ግን ያኔ ወጣት ነበርኩና እፍረቴ ቶሎ ያልፍ ነበር። «ተይ እትዬ፣ የአንድ ቀን ወሬ ናት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲባል አልሰማሽም?»

«ስንቁን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አታስተምረኝ። ስንቅ የሚቀለው ሰው ስለሚበላው ነው። ያንተንም ሰው ይበላዋል፣ አፈ ቅቤ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ አፈ ቅቤ ሆነ።

የሷ ስም ደግሞ እትዬ እምቢ ነው። ይህን ስም ያወጣንላት ከዚያ በፊት፣ ጫካው ውስጥ ነው። የሷ አሠራር እንዲህ ነበር። ጉዞው ሲጀመር ለያንዳንዱ እንግዳ እጀታው ላይ በምስማር ቁጥር የተጫረበት ማንኪያ ትሰጠዋለች። እንግዳው በልቶ ሲያበቃ ማንኪያውን ራሱ አጥቦ ቆርቆሮዋ ውስጥ ይመልሳል። መኪናው ከመነሳቱ በፊት እሷ ቆርቆሮዋን ትቆጥራለች። እኛ እንስቅባት ነበር። እኔማ ጭንቅላት ነበር የምቆጥረው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቸኩዬ ከመኪናው ደረጃ ላይ ቆጠርኩ፤ ሃያ። «ንዳው!» አልኩት ሹፌሩን። እትዬ «አይነዳም። አሥራ ዘጠኝ ማንኪያ ነው ያለኝ» አለች።

«ሰው ነው የሚቆጠረው ማንኪያ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ሰው ያታልላል። ማንኪያ አያታልልም።»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። እሷም የድንች ቅርጫቷንና በርጩማዋን አንስታ ሄደችና መኪናው አፍንጫ ሥር ተቀምጣ ድንች መላጥ ጀመረች። ጡሩንባ ነፋንባት፤ ቀና አላለችም። ለመንናት። «እምቢ።» ቢቸግረን እንደገና ብንቆጥር፣ እኔ ለካ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ ብሎ የተሳፈረውን የደን ጠባቂ ጨምሬ ቆጥሬ ኖሯል። የጎደለውን ሰው ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ወንዝ ዳር አገኘነው። ባለ አሥራ አራት ቁጥር ሽማግሌ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ተቀምጧል፤ ባርኔጣውን የነጠቀችው ዝንጀሮ ከበላዩ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ታየዋለች። እትዬ ተሸክመነው ስንመጣ ከበርጩማዋ ተነሳች፤ ድንቹም ተልጦ አልቆ ነበር።

እንዲህ ያለች ሴት ናት። ፊደል የቆጠረችው እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። የአራቱን አገር ቋንቋ ግን በየገበያው በሽንኩርት ዋጋ ስትከራከር ለምዳዋለች። የትኛው ዛፍ ቅርፊቱ ትኩሳት እንደሚያበርድ፣ የትኛው ወፍ ሲጮህ ዝናብ እንደሚመጣ ከኛ ከባለ ደብተሮቹ አስበልጣ ታውቃለች። እኔ በማይክሮፎን የምናገረውን ግማሹን ያገኘሁት እሷ ምድጃ ዳር ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ትንሽ ይቆጠቁጠኛል።

ንግሥቲቱ ግን አደገች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሌሎቹ አስጎብኚዎች ከኔ ሰሙ፤ አንዱ የብር ማበጠሪያ ጨመረላት፣ ሌላው በመስኮት የሚያያት ምስኪን ወታደር። በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ። የከተማው ሰው እውነቱን ያውቃል፤ ግን ማዶ አንድ ሱቅ «የንግሥት ሳሙና» ብሎ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ እውነቱን የሚያነሳ ጠፋ። የኔም እግር ሲደክም ድርጅቱ አፌን ወዶ ወደ ቢሮ አስገባኝና የአስጎብኚዎች መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ አለኝ። አዘጋጀሁ። ገጽ አርባ አንድ ላይ ንግሥቲቱን ከነገንዳዋ አስቀመጥኳት። ምን ላድርግ? በዚያ ጊዜ ሽፋኑ ላይ ሥዕሏ ተሥሎ አልቆ ነበር።

እትዬ እምቢ በበኩሏ ለጠየቃት ሁሉ ምድጃዋ ዳር እውነቱን ትናገር ነበር። ችግሩም ከዚያ መጣ። እንግዶች ለቢሮው መጻፍ ጀመሩ፤ «አስጎብኚው ንግሥት አለን፣ ምግብ አብሳይዋ ቀለም ነካሪዎች አለችን፤ ማንን እንመን?» ቢሮውም መመሪያ አወጣ። የአስጎብኚነት ባጅ የሌለው ሠራተኛ ስለ ጉብኝት ቦታዎች ለእንግዳ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ።

በማግስቱ ቢሮ መጣች፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

«አፌን ወጥ እንድቀምስበት ብቻ አልተሰጠኝም» አለች። «የአስጎብኚዎቹ ፈተና ላይ መዝግቡኝ። ባጁን እወስዳለሁ።»

አሥር ዓመት የሠራ ሰው መፈተን ይችላል ይላል ደንቡ። እሷ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ተመዘገበች።

የጽሑፉን ፈተና ከአርባ ሠላሳ ሰባት አገኘች። የቃል ፈተናው የሚሰጠው በቢሮው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የሚንቋቋ የጣሪያ ማራገቢያ ሥር ነው። ፈታኞቹ ሦስት ነን፤ የክፍሉ ኃላፊ፣ አንድ የደን ባለሙያና እኔ። ተፈታኙ ከካርቶን ውስጥ ፎቶ ያወጣል፤ የወጣለትን ቦታ እንግዳ ፊት እንደቆመ አድርጎ ያስረዳል። የመጽሐፉን ቃል የሚቃረን ሰው ይወድቃል።

እጇን ሰደደችና አንድ ፎቶ አወጣች። አየችው። ፈገግ አለች። ሰባቱ ገንዳዎች ናቸው። 

እንዴት እንዳስረዳች ብነግራችሁ! ቅጠሉ ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ፣ ሽታው እንዴት ጎረቤት እንደሚያጣላ፣ ጨርቁ ከገንዳ ሲወጣ መጀመሪያ አረንጓዴ ሆኖ ንፋስ ሲነካው እንዴት ሰማያዊ እንደሚሆን ተናገረች። ገንዳው ከንፈር ላይ ያለው ጎድጓዳ የሴቶቹ ጉልበት የበላው መሆኑን በጣቷ አሳየች። የደን ባለሙያው ብዕሩን አስቀምጦ አፉን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር።

ኃላፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጥሩ ነው። ግን መጽሐፉ የንግሥት መታጠቢያ ነው የሚለው።»

«መጽሐፉ ተሳስቷል።»

«እትዬ፣ መጽሐፉን ያዘጋጀው ባለሙያ ነው።»

«ባለሙያውን አውቀዋለሁ። ጎበዝ ነው። ያን ቀን እግሩ ቆስሎ ነበር።»

እኔን አየችኝ። እኔ ማራገቢያውን አየሁ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የኔ አፍ ግን ያን ቀን ዝንብ የገባበት ያህል ነው የመረረኝ።

ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እርስዎን መጣል አልፈልግም። ‹መታጠቢያ› ይበሉና ይለፉ፤ አንዲት ቃል ናት» አለቻት።

«እናቴ እዚያ ላይ ጀርባዋ እስኪጎብጥ ሠርታበታለች። አንድም ቀን አልታጠበችበትም። እምቢ።»

ወደቀች። በኮሪደሩ ላይ ሮጬ ደረስኩባት።

«እትዬ፣ ምን ነበረበት? ቃሏን ብለሽ፣ ባጁን ይዘሽ ከወጣሽ በኋላ የፈለግሽውን ትናገሪ አልነበር?»

«በውሸት ባስከፈትኩት አፍ ምን እውነት ልናገርበት?» አለችኝ። ትንሽ ሄደችና ዞር አለች። «ያንተን ምስክርነት ፈልጌ አልመጣሁም። የራሴን ልወስድ ነው የመጣሁት። በሚመጣው ወርም እመጣለሁ፤ ያንኑ ነው የምመልሰው።»

ቢሮው ፈራ። በሚቀጥለው ጉዞ እኔን ተቆጣጣሪ አድርጎ ላከኝ። የያዝኩት ደብዳቤ አጭር ነው፤ ምግብ አብሳይዋ ስለ ጉብኝት ቦታ ለእንግዳ ከተናገረች፣ ከሚቀጥለው ኬላ በአውቶቡስ ተሰናብታ ትመለስ። ደብዳቤውን ምንም ሳልጠይቅ ተቀበልኩ፤ የሚጠይቅ አፍ አልነበረኝም።

ጫካው ውስጥ አልተናገረችም። አንዲት እንግዳ ከዛፍ ጫፍ ላይ የሚጮኸውን ወፍ ስትጠይቃት፣ እትዬ በጭልፋዋ ወደ አስጎብኚዋ አመለከተች። አስጎብኚዋ አዲስ ናት፤ መጽሐፌን በቃሏ የሸመደደች ጎበዝ ልጅ። ሐይቁም ላይ አልተናገረችም። ዓሣ አጥማጆቹ የጀልባቸውን አፍንጫ ለምን ቀይ እንደሚቀቡ ሲጠይቋት ሩዟን ታማስል ነበር። ሹፌሩ «ታመመች እንዴ?» አለኝ። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ እንዲህ ዝም ያለችው ተሸንፋ አይደለም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ድንጋዩ ደረስን። ጉዟችን ሁልጊዜ በበጋ ነው፤ በክረምት መንገዱ ይቆረጣል። ስለዚህ ያን ግቢ እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እርጥብ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ገንዳዎቹ እንደ ወትሮው አቧራ ጠጥተው ግራጫ ሆነዋል። አስጎብኚዋ ማይክሮፎኗን ይዛ ጀመረች፤ ንግሥቲቱ፣ ቅናቱ፣ የብር ማበጠሪያው። እሑድና ወተቱ ላይ ስትደርስ እትዬ እምቢ በበሩ ገባች። በግራም በቀኝም ሃያ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዛለች።

አንዱን ከፈተችና የመጀመሪያው ገንዳ ውስጥ ትደፋው ጀመር። ውሃ በጠብታ ቆጥራ የምትሰጠን ሴት!

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለች አስጎብኚዋ።

«ላጥብ ነዋ። ማጠብም ተከለከለ?»

ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ሄደች። ወገቧን እየያዘች ነው የምትደፋው፤ ማንም እንዲረዳት አልፈቀደችም። አቧራው እየተንሸራተተ ሄደ። ድንጋዩ ውሃውን ጠጣ፤ ቆየት ብሎ መልኩ ይወጣ ጀመር። የመጀመሪያው ገንዳ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆነ። ሁለተኛው ጠቆር አለ። ሰባተኛው ጋ ሲደርስ ጥቁር ለመባል ትንሽ የቀረው ሰማያዊ ነው። 

ጉልበቷን በፋሻ የጠቀለለች አንዲት እንግዳ፣ «ንግሥቲቱ በቀለም ነበር እንዴ የምትታጠበው?» ብላ ጠየቀች።

አስጎብኚዋ መጽሐፉን ገለጠች። ገጽ አርባ አንድ ስለ ሰማያዊ ቀለም የሚለው ነገር የለም። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደኔ ዞረች። «ጋሼ? ምንድን ነው ይኼ?»

እትዬ ደግሞ የጀሪካኑን ክዳን ቀስ ብላ ታጠብቃለች። ከገባች ጀምሮ ስለ ግቢው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። መመሪያውን አልጣሰችም። እኔንም አላየችኝም፤ ሰባተኛውን ገንዳ ነው የምታየው። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። ያኔ ለመቀመጥ ብዬ የዋሸሁት ውሸት ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ በዚያችው ግቢ መጣብኝ።

«ንግሥት አልነበረችም» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ደክሞኝ ነበር፣ አላውቅም ማለትም አፈርኩ። መጽሐፉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ከፈለጋችሁ እሷን ጠይቋት። እናቷ እዚህ ነው የሠራችው።»

ባጄን ከአንገቴ አውጥቼ ዘረጋሁላት።

አየችው። «እምቢ» አለች። «ያንተን ምን ላደርገው? የኔን ራሳቸው አምጥተው ይሰጡኛል።» ከሽርጧ ኪስ አንድ ማንኪያ አወጣች፤ እጀታው ላይ ሃያ አንድ ተጭሮበታል። ከቤቷ ጀምሮ ይዛው መጥታ ኖሯል። «ይኼን ያዝ። ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጥና ስማ። ስትሰማ አይቼህ አላውቅም።»

ማንኪያዬን ይዤ ያኔ የጥርስ ሐኪሙ ቆሞበት ከነበረው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ የመጀመሪያው ገንዳ ጠርዝ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ያለ ማይክሮፎን ጀመረች። «እናቴ እዚህ ጋ ነበር የምትንበረከከው» አለች። ጎድጓዳው ጉልበቷን ልክክ አድርጎ ያዘው። አስጎብኚዋ መጽሐፉን ዘግታ በጀርባው ባዶ ገጽ ላይ ትጽፍ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኬላው ደረስን። ወደ መጣንበት የሚመለሰው አውቶቡስ ቆሟል። ስልኬ ጮኸ፤ ኃላፊዋ ናት።

«ተናገረች?»

«ተናግራለች። እኔም ተናግሬያለሁ። አስጎብኚዋም ደብተር ሙሉ ጽፋለች። ሁላችንንም የሚመልስ አውቶቡስ ካለ ላኩልን፤ እስከዚያ ሃያ ሰው ምሳ መብላት አለበት።»

 ኃላፊዋ «እስቲ እሷን አቅርብልኝ» አለች። ስልኩን ለእትዬ ሰጠሁ። ኃላፊዋ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። እትዬ ግን ድስቷን በግራ እጇ እየከደነች፣ «የሚመጣው ወር ፈተና ላይ አለሁ። ጥያቄው ያው ከሆነ መልሱም ያው ነው» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፋ። ማንም አልተሳፈረበትም። የበላነው ሁሉ ማንኪያችንን አጠብን፤ እኔም የኔን አጥቤ ቆርቆሮዋ ውስጥ ጣልኩ። ሹፌራችን መሪውን ይዞ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እሷን ይጠብቃል። እትዬ እምቢ ቆርቆሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ቆጠረች።

«ሃያ አንድ» አለች። «ሞልቷል። ንዳው።»